«ቀለሙ ገና አልመጣም»

ለመመረቂያዬ 9 ቀሚስ መሥራት ነበረብኝ። ዴልሂ ነው የምማረው፤ ፋሽን ዲዛይን። ዕቅዱን ላፕቶፕ ላይ ጨርሼዋለሁ። ጨርቁ ባግሩ ይታተማል። ከዚያ ሉክኖው ሄዶ በእጅ ይጠለፋል። ከዚያ ዴልሂ ተመልሶ ይሰፋል። ሦስት ከተማ፣ ሦስት ወር። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። ዘጠኝ ወር እንደሚፈጅብኝና ከ9ኙ 7ቱን ሁለት ጊዜ እንደምሠራቸው ማን ነግሮኝ!

ባግሩ ከጃይፑር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በአጅሜር መንገድ። እዚያ ቺፓ የሚባሉ ሰዎች ጨርቅ ማተምን ከአባት ለልጅ እያወረሱ ኖረዋል። እኔን የተቀበሉኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ባባ እላቸው ነበር። ከእኛ አባባ ብዙም አይርቅም። እሳቸው ደግሞ «ቤቲ» ይሉኛል። የመጀመሪያ ቀን ስሜ ቤቲ አይደለም ልላቸው ምንም አልቀረኝም። በሂንዲ «ልጄ» ማለት ነው።

የደረስኩት ሐምሌ ላይ ነው። ባባ ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ዝናቡ ሲያባራ ነይ» አሉኝ። ህትመቱ ጨርቁ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ካልደረቀ አይሆንም። ይህን ሰው ሊነግረኝ አይገባም ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሐምሌ ላይ ልብስ ይደርቃል ብሎ ሲያቅድ፣ እውነቴን ነው፣ ያሳፍራል።

እስኪያባራ ማህተሞቼን አስቀረጽኩ። ጨርቅ የሚያትሙበትን የእንጨት ቅርጽ ነው ማህተም የምለው፤ የተሻለ ቃል የለንም። ሺሻም ከሚባል ጠንካራ እንጨት ይቀረጻል። ለአንድ ንድፍ ብዙ ጊዜ ሦስት ያስፈልጋል፤ መስመሩን የሚያወጣው «ሬክ»፣ መደቡን የሚሞላው «ጋድ»፣ ሌላውን ቀለም የሚሞላው «ዳታ»። የእኔ አበባ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነበር። ቀራጩ ስዕሉን አይቶ «ማን ያነሳዋል?» አለኝ። በአንድ እጅ ተይዞ ቀኑን ሙሉ መነሳትና መውረድ እንዳለበት አስቤው አላውቅም። አበባዬ መዳፍ አከለች። ፀጉር የሚያክሉትን ቀጫጭን መስመሮች ግን አልለውጥም አልኩ። ቀራጩ ትከሻውን ነቅንቆ ቀረጸልኝ። በሁለተኛው የሥራ ቀን ግማሾቹ ቀለም ጠጥተው ተደፈኑ፣ አንደኛው ጫፉ ተሰበረ። ድጋሚ ከፈልኩ። አዲስ ማህተም ደግሞ እንዳይሰነጠቅ የሰናፍጭ ዘይት ውስጥ ለቀናት ተነክሮ ነው ሥራ የሚጀምረው። እሱንም ጠበቅኩ።

ዝናቡ አባራና ሥራው ተጀመረ። እኔ የመሰለኝ፣ ቀለም ትመርጣለህ፣ ማህተሙን ትነክራለህ፣ ትመታለህ። በጭራሽ።

መጀመሪያ ጨርቁ ይታጠባል። ፋብሪካ ውስጥ የገባበት ስታርችና ዘይት ካልወጣ ቀለም አይዝም። ቀጥሎ ሃርዳ የሚባል የደረቀ ፍሬ ተፈጭቶ ይበጠበጥና ጨርቁ እዚያ ውስጥ ይነከራል። ነጩ ጥጥ እርድ እንደተደፋበት ነጠላ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ዋናው ግን ቢጫው አይደለም። ሃርዳው ታኒን አለው፤ ቆዳ የሚለፋበት ያው ነገር።

ጥቁሩን የሚሠሩት ከዛገ ብረት ነው። የፈረስ ኮቴ ብረት ሳይቀር ከጥቁር የሸንኮራ ስኳር ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀመጣል። እንደ ጠላ ጥንስስ አረፋ ይዞ ይፈላል፤ ሽታው ግን እንደ ጠላ አይጋብዝም። ተጠልሎ በሁመር ፍሬ ዱቄት ይወፍራል። ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ብረቱ ታኒኑን ያገኘዋል። ያኔ ይጠቁራል።

ያስለቀሰኝ ቀዩ ነው። እኔ የፈለግሁት የሮማን ቀይ ነበር። ባባ 20 ሜትር አትመው ሳይ የደበዘዘ፣ የሸክላ ዓይነት ቀለም ነው። ስልኬን አውጥቼ የኔን ቀይ አሳየኋቸው። በተሰባበረ ሂንዲዬ «ይኼ አይደለም» እላለሁ። እሳቸው እያተሙ ነው። ቀና ሳይሉ «ቀለሙ ገና አልመጣም» አሉኝ።

እውነትም አልመጣም ነበር። የሚታተመው አሉም የሚባል ጨው ነው፤ በሙጫ የወፈረ። ራሱ ቀለም የለውም። አታሚው የት እንዳረፈ እንዲያይ ብቻ ትንሽ ቀይ አፈር ይጨመርበታል። ጨርቁ ለቀናት አርፎ፣ ታጥቦ፣ አሊዛሪን የሚባል ቀይ ማቅለሚያ ባለበት ትልቅ የመዳብ ድስት ውስጥ በማገዶ ሲቀቀል፣ አሉም ያረፈበት ቦታ ብቻ ይቀላል። ከድስቱ በዱላ ሲያወጡት አበባዎቼን አየኋቸው። ሮማን አይደሉም። ከሮማን ጠቆር ያሉ ናቸው። ለምን ብዬ ስጠይቅ ባባ ወደ ጉድጓዱ ውሃ ጠቆሙኝ።

ውሃ ያን ያህል ይለውጣል ወይ ለሚል፣ አጅራክ የሚባለውን ህትመት የሚሠሩትን፣ ጉጃራት ውስጥ ያለችውን የካችን ሰዎች ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ጥር 2001 ጉጃራትን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ዳማድካ የሚባለውን መንደራቸውን አፈረሰው። ቤቱስ ይሠራል። ውሃው ግን ተበላሸ፤ ብረት በዛበት። ብረት የበዛበት ውሃ ደግሞ ቀዩን ያጠቁረዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ አታሚዎች ቡጅ ከተማ አጠገብ መሬት ገዝተው አዲስ መንደር መሠረቱ። ስሙን አጅራክፑር አሉት። ለውሃ ብሎ መንደር መቀየር ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ለቀይ ቀለም ሲሆን ግን ይገርማል።

እኔም ለማተም ሞክሬያለሁ። ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ ላዩ ላይ ጆንያና ጨርቅ ተደራርቦ ትንሽ ይለሰልሳል። ባባ ማህተሙን አስቀምጠው በመዳፋቸው ጥግ አንድ ጊዜ ያደቁታል። የቀበሌ ጸሐፊ ነው የሚመስሉት፤ ልዩነቱ ወረፋ አያስጠብቁም። ዓይናቸው ማህተሙ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጥብ ብቻ ነው የሚከተለው። የኔ መስመር ሜትር ሳይሞላ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ መሄድ ጀመረ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወገቤ አለቀ። ያን ቀን ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ንድፉ ላይ የነበሩትን ተጨማሪ ሁለት ቀለሞች ሰረዝኳቸው። አንድ ቀለም በጨመርኩ ቁጥር አንድ ሰው ያንን ጠረጴዛ ድጋሚ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞረዋል።

ዳቡ ስለሚባለው የጭቃ ህትመትም ላውራ፤ የምወደው እሱን ነው። ስሙን ስሰማ ዳቦ መሰለኝ። ብዙም አልተሳሳትኩም፤ ነቀዝ የበላው የስንዴ ዱቄት ይገባበታል። ከኩሬ የመጣ ጭቃ፣ ኖራ፣ ሙጫና ያ ዱቄት ተቀላቅሎ በእግር ይረገጣል። ጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ይህ ጭቃ በማህተም ጨርቁ ላይ ይታተማል። እርጥቡ ሳይደርቅ ሰጋቱራ ይነሰነስበታል። ፀሐይ ላይ ይደርቅና ጨርቁ ኢንዲጎ የሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ ወዳለበት ጥልቅ ጉድጓድ ይገባል። ጭቃው ያረፈበት ቦታ ቀለም አይነካውም። ከጉድጓዱ ሲወጣ አረንጓዴ ነው። አየር ሲያገኘው ዓይንህ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ጭቃው ሲታጠብ ከሥር ንድፉ ይወጣል። ደረቁ ጭቃ ስንጥቅ ካለው ሰማያዊው በስንጥቁ ይገባና የደም ሥር የመሰለ መስመር ይተዋል። ያን መስመር ኮምፒውተር ላይ ለመሥራት አንድ ሙሉ ሳምንት አባክኜ ነበር። ጭቃው በነጻ ይሰጣል።

60 ሜትር ጨርቅ ይዤ ሉክኖው ገባሁ። ጉራዬ ለጉድ።

የሉክኖው ጥልፍ ቺካንካሪ ይባላል። በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ በመርፌና በክር። ከ30 በላይ የስፌት ዓይነት አለው። «ፋንዳ» የማሽላ ፍሬ ታክላለች። «ሙሪ» የሩዝ ፍሬ ትመስላለች። «ጃሊ» ጨርቁን ሳይቆርጡ ክሮቹን በመርፌ እየገፉ ወንፊት የሚያስመስሉበት ነው። «ባኪያ» ደግሞ ከጀርባ ይጠለፍና ከፊት እንደ ጥላ ይታያል። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው፤ ጥልፍ አይቼ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ባኪያን ሳይ ግን በቃ፣ ጥልፉ እኔኑ ጠለፈኝ።

አንድ ደላላ አገኘሁ። ሁሉንም «ችግር የለም» ይለኛል። ኢንዲጎ የተነከረ ጨርቅ ላይ ይጠለፋል? ችግር የለም። በሁለት ወር ይደርሳል? ችግር የለም። ይህን ቃል ከኛም አገር ስለማውቀው መጠርጠር ነበረብኝ።

ችግሮቹ እነሆ። ቺካንካሪ ከመጠለፉ በፊት ንድፉ በሚታጠብ ሰማያዊ ቀለም ይታተማል፤ ጠላፊዋ ያንን ትከተላለች። ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ንድፍ ማን ያያል? በነጭ ዱቄት ሞከሩት፤ እጅ ሲነካው እየረገፈ ሴቶቹ በግምት ጠለፉ። ባኪያ የሚያምረው ሙልሙል በሚባል ስስ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። እኔ የወሰድኩት ለህትመት የሚሆን ወፈር ያለ ጥጥ ስለነበር ጥላው ከፊት ጨርሶ አልታየም። ሦስተኛው ነው የገደለኝ። ጥልፉ ሲያልቅ ጨርቁ ለአጣቢ ይሰጣል። አጣቢው የንድፉን ሰማያዊና የእጅ እድፉን አስለቅቆ በረዶ የመሰለ ነጭ አድርጎ ይመልሳል። ያንን የሚያደርገው በበረኪና ነው። 7 ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ሄደ። የተመለሰው ሌላ ነገር ነው። ጥቁሩ እንደ ሻይ ቡኒ ሆኗል። ኢንዲጎው አመድ መስሏል።

ደላላው ላይ ጮህኩ። አጣቢው ላይ ልጮህ ስል ግን አፈርኩ። ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ የሠራውን ነው የሠራው። «አታንጣው» ያለው የለም፤ እኔም አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ያለ ደላላ ጠላፊዎቹ ቤት ሄድኩ። በዕድሜ ትልቋን ባጂ ይሏታል፤ እትዬ እንደማለት ነው። የተበላሸውን አሳየኋት። በጣቷ ዳሰሰችውና «ነጩን ለምን አላመጣሽልኝም?» አለችኝ። ከእሷ ጋር ሻይ ስንጠጣ ለአንዱ ስንት እንደደረሳት ጠየቅኳት። ለደላላው ከሰጠሁት ሲሶው እንኳ አልነበረም። ሁለተኛውን ዙር በቀጥታ ለሷ ከፈልኩ። ክፍያውን ለጎረቤቶቿ እሷው አከፋፈለች። ይሄን ከመጀመሪያው አለማድረጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መፍትሔውም እዚያው ምንጣፍ ላይ ነው የመጣው። ቀድሞ ጠልፎ ከዚያ ማተም አይሆንም፤ ፋንዳና ሙሪ ከጨርቁ ከፍ ስለሚሉ ማህተም አይቀመጥባቸውም። አትሞ መጥለፍም አይሆንም፤ አይተናል። ስለዚህ ለያየኋቸው። አንገቱ፣ ደረቱና የእጅጌው ጫፍ ነጭ ሙልሙል ላይ ተጠለፈ፤ እንዳሻው ነጣ። ቀሪው ባግሩ ታተመ። የተገናኙት መጨረሻ ላይ፣ ማስተር ጂ እጅ ላይ ነው። እዚያ ልብስ ሰፊን እንዲህ ነው የሚጠሩት። መጋጠሚያውን መደበቅ ትቼ በወፍራም ክር አጎላሁት። ዳኞቹ ከሁሉ በላይ የጠየቁኝ ስለዚያ መስመር ነው።

አንድ ስህተት ቀርታኝ ነበር። የታተመው ጨርቅ ብዙ ጊዜ ስለታጠበ መሰብሰቡን ጨርሷል። የተጠለፈውም እንደዚያው። ገበሩን ግን ሳላጥበው አስገባሁት። አንዷ ጓደኛዬ ቀሚሱን አንድ ጊዜ አጠበችውና ገበሩ አጠረ፤ ቀሚሱ እንደ ፊኛ ተነፋባት። ገበር ከመቁረጥ በፊት ይነከራል። በቃ።

ጨርቅ ለመግዛት ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። ጃይፑር ገበያ ውስጥ «የእጅ ህትመት» የሚባለው ሁሉ የእጅ አይደለም፤ ስክሪን በሚባል የወንፊት ማተሚያ የታተመ ሞልቷል። አንዱ ማህተም ከሌላው የሚገናኝበትን ቦታ ፈልጉ። በእጅ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ትንሽ ተደራርቧል ወይም ትንሽ ከፍቷል። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ከሆነ እጅ አልነካውም። ጊዜ ካላችሁ ጃይፑር አጠገብ ያለችው አምበር ሄዳችሁ የአኖኪን የእጅ ህትመት ሙዚየም እዩ። እኔ ያየሁት ሁሉን ጨርሼ ነው፤ ሰው እንደዚህ ነው ሥራ የሚጀምረው?

በፈረንጆቹ መጋቢት 2023 የፈረንሳዩ ፋሽን ቤት ዲዮር ሙምባይ ላይ፣ ጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ ከሚባለው ትልቅ የድንጋይ በር ፊት ለፊት ትርኢት ሲያሳይ የህንድ ጥልፍ የዓለም ወሬ ሆነ። እኔም ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ልብሶቹ ላይ ሳፈጥ ግን የማስበው ሌላ ነው፤ ይሄ በየትኛው ቅደም ተከተል ተሠራ? ማን ምን ቀድሞ ነካው?

ስመለስ ማህተሞቼን ሻንጣ ውስጥ ይዤ መጣሁ። ቦሌ ላይ ፍተሻው ሻንጣውን አስከፈተኝ። ወጣቱ ሠራተኛ አንዱን አንስቶ ገለባበጠው።

«ማህተም ነው?»

«አዎ።»

«የየትኛው መሥሪያ ቤት?»

ለማስረዳት አፌን ስከፍት እሱ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ግንባሩን ቋጠረ። «ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል እንዴ?» ብሎ ለጓደኛው አቀበለው።