ሮም ደርሰን ባዶ ቦታ አይተን መጣን

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ!

በየዓመቱ ለገና አንድ ነገር እጽፍላችኋለሁ። ዘንድሮ ስለ ዶሮና ስለ ድፎ ዳቦ አይደለም፤ ስለ ሮም ነው። ፈረንጆቹ ገናቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ የእኛው ሳይደርስ፣ ቤተሰቡን ሰብስበን ሮም ደርሰን መጣን። ጎበኘናት ለማለት እንኳ አፌን አይሞላውም። ሮጥንባት ብል ይሻላል።

ጥድፊያው የመጣው ከእማዬ ነው። ከጎንደር ሙኒክ ድረስ ልትጠይቀን የመጣችው ጥቅምት ላይ ነው። ቪዛዋ የ90 ቀን ነው። ገናን ከልጅ ልጆቿ ጋር ልታከብር፣ ለጥምቀት ደግሞ አገሯ ልትገባ ቆርጣለች። ጥምቀትን ከጎንደር ውጪ ማክበር ለእሷ የማይታሰብ ነው። ከእኛ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የጴጥሮስና የጳውሎስን መቃብር አሳዩኝና ከዚያ ሸኙኝ» አለች። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ታሪክ ካገኘ እህል ውሃ የማይፈልግ ሰው ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ተዘግቶላቸዋል። የእኔ የዓመት ፈቃድ ግን ተሟጧል። ያለን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

አርብ ማታ በሌሊት ባቡር ተሳፈርን። በኦስትሪያ በኩል ተራሮቹን አልፎ ጠዋት ሮም ሊያደርሰን ነበር። ባቡሩ ግን ድንበር ላይ ቆመ። ለምን እንደቆመ የሚነግረን የለም። ውጪው በረዶ ነው። ባለቤቴ በሰዓት ከፋፍሎ ያተመውን ፕሮግራም አውጥቶ ከላይ ጀምሮ በእስክሪብቶ ይሰርዛል። እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ውዳሴ ማርያሟን ደገመች። ከዚያ «ተወው እንግዲህ፤ ባቡሩም ይድከመው እንጂ» አለችው። የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው።

የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ይባላል። ከጣቢያው ስትወጡ የሚቀበላችሁ ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሏችሁ? ጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሮም የገባ መንገደኛ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ በእነሱ ስም ላይ ያልፋል። ማን ልብ ይለዋል! ትንሽ ራመድ ስትሉ ደግሞ አነስ ያለ የአትክልት ስፍራ ውስጥ የእነሱ መታሰቢያ አለ። አናቱ ላይ የቆመው ከግብፅ የመጣ የፈርዖን ዘመን ሐውልት ነው። በ1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ ከአዲስ አበባ የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ እዚያ ተቀምጦ ሲያይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ሊያስነሱት ሲታገሉት ጎራዴውን መዘዘ። ዘርዓይ አገሩን ዳግም ሳያይ ጣሊያን ውስጥ ሞተ። አንበሳው ግን ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሊነግረን ገና አፉን ሲከፍት ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ አይደለም፤ ወፍ ነው። በክረምት አመሻሽ ላይ ተርሚኒ አካባቢ ያሉት ዛፎች ላይ ለማደር የሚመጣው የወፍ መንጋ ለጉድ ነው። ሰማይ ላይ እንደ ጭስ ይጠቀለላል፣ ይዘረጋል፣ መልሶ ይጠቀለላል። በጣም ያምራል። የሮም ሰው ግን ቀና ብሎ አያይም። ጃንጥላውን ዘርግቶ ይፈጥናል። እኛ ቀና ብለን ስናይ ምክንያቱ ገባን። የባለቤቴ ፕሮግራም ላይ፣ በትክክል «ፓንቴዮን» የሚለው ላይ፣ ኩስ አረፈ። ፓንቴዮንን፣ የጥንቶቹን ሮማውያን ቤተ መቅደስ፣ ያየነው ከውጪ ብቻ ስለሆነ ወፏ አውቃ ነው ብለናል።

የቀረውን ቅዳሜ ቶሎ ልለፈው። በታኅሣሥ ሮም ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ይመሻል። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ የእማዬ ጉልበት ደግሞ ኮብልስቶን አይወድም። ትሬቪ ፏፏቴ ጋ የሰው ትከሻ እንጂ ውሃ አላየሁም። እማዬ ሰው ሳንቲም ወደ ውሃው ሲወረውር አይታ «ይሄ ምን የሚሉት ብልግና ነው?» አለች። ሳንቲሙ ተለቅሞ ካሪታስ ለሚባለው የካቶሊክ እርዳታ ድርጅት፣ ለድሆች እንደሚሰጥ ስነግራት ግን ቦርሳዋን ከፈተች። «ምጽዋት ከሆነማ» ብላ አማትባ ወረወረች። ጀርባዋን ሰጥታ መወርወር እንዳለባት ልጄ ልታስረዳት ሞከረች። እማዬ ለምጽዋት ጀርባዋን አትሰጥም።

እራት ላይ ጾም መሆኑ ትዝ አለን። ፒዛ አገር መጥቶ አይብ አለመብላት ፈተና ይመስላል፤ ግን አይደለም። ጣሊያኖች ማሪናራ የሚሉት ፒዛ አላቸው። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። ንጹሕ የጾም ምግብ! እማዬ ግን በእኔ ትእዛዝ አልተማመነችም። አስተናጋጁን በጣቷ ጠርታ «ፎርማጆ እንዳታደርግበት፣ የኔ ልጅ!» አለችው። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። ስታምኑም ባታምኑም ሙሉውን ጨረሰችው።

እሁድ በጠዋት ቫቲካን። የፍተሻው ሰልፍ አደባባዩን ዞሮ ተጠምጥሟል። አደባባዩ ላይ ትልቅ ዛፍና ግርግም ሠርተዋል። ሕፃኑም ተኝቷል፣ እረኞቹም ቆመዋል። እማዬ ቀረብ ብላ አየችና «ጾሙ ሳያልቅ አስተኙት?» አለች። እሷ እንደሆነ ከታኅሣሥ 29 በፊት ማንም ቢወለድ አትቀበልም።

ወንዱ ልጄ ግን ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ሐውልት እየቆጠረ ነው። ዶጋሊ መታሰቢያ አናት ላይ አንድ። ፓንቴዮን ፊት ለፊት አንድ። ናቮና አደባባይ የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ ላይ አንድ። ጴጥሮስ አደባባይ መሃል ደግሞ ይሄ ትልቁ፣ 25 ሜትር የሚሆነው። ሮም ውስጥ እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ሐውልቶች 13 ቆመዋል። ከፊሎቹን ሮማውያን ራሳቸው አስጠርበዋል፤ ስምንቱ ግን ከግብፅ የመጡ ናቸው።

«ባባ፣ ግብፆች ሰጧቸው?»

«አልሰጧቸውም። ወሰዱት።»

«አልመለሱም?»

«አልመለሱም።»

ልጁ ትንሽ አሰበና «አንዱንም?» አለ። ባለቤቴ ፈገግ ብሎ «ማታ አሳይሃለሁ» አለው።

ባዚሊካው በር ላይ ስንደርስ እማዬን አጣኋት። ዞር ስል ዓምዱን ተደግፋ ጎንበስ ብላለች። ጫማዋን እየፈታች ነው። «እማዬ፣ እዚህ እኮ አይወለቅም» አልኳት። «የጴጥሮስ አጥንት ያረፈበት ነው አላላችሁኝም?» አለች። ጫማዋን በፌስታል አድርጋ በብብቷ ያዘች። ግራጫ የሱፍ ካልሲ ነው ያደረገችው፤ አንዱ ተረከዙ ላይ በነጭ ክር ተጥፏል። በዚያ ሁሉ እብነ በረድ ላይ፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ እየተራመደች ገባች። ጥበቃው ካልሲዋን አየ፣ ፌስታሉን አየ፣ ዝም አለ። ሴቷ ልጄ አፍራ ራቅ ብላ ሄደች። አስራ አራት ዓመቷ ነው፤ አልፈርድባትም። ወንድሟ ግን «እምዬ እንደ አበበ ቢቂላ!» ብሎ ጮኸ።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ ከግንቡ ውስጥ፣ የእኛ መነኮሳት የነበሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። «የሐበሾች እስጢፋኖስ» ይሉታል። ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ሮም በእግርና በመርከብ የሚሳለሙ አባቶቻችን ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያርፉበት ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ ሆነው ነው የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ያሳተሙት፤ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549። የተቀበሩትም እዚያው ነው። ያለ ቀጠሮ አይገባም። እኛም ጣራውን እንኳ አላየንም። እማዬ ግን የቱ አቅጣጫ እንደሆነ ጠይቃ ወደዚያ ዞራ ሰገደች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኔ ከሚካኤል አንጄሎ ጉልላት ይልቅ ይህ በልጦብኛል።

ኮሎሲየም አልገባንም። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ስለሆነ መግቢያው ነፃ ነው። ነፃ በመሆኑም የሮም ሰው በሙሉ ተሰልፏል። ሴቷ ልጄ ላቲን ስለምትማር አኮረፈች። ከየግድግዳው የምታነበው ጽሑፍ ነው ትንሽ ያጽናናት። እማዬ ፎረም የሚሉትን የጥንቷን ሮም ፍርስራሽ ከአጥሩ ውጪ ሆና አየችና «የፋሲል ግንብ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ቁመናውን አልጣለም» አለች። ተከራካሪ አላገኘችም።

የቆስጠንጢኖስ ቅስት ግን እዚያው ደጅ ላይ ነው፤ ሰልፍም የለውም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። አበበ ቢቂላ የጨረሰው እዚህ ነው። በባዶ እግሩ፣ በጨለማ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። መንገዱን ወታደሮች ችቦ ይዘው አብርተውለታል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስታስቡት ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! አገር ቤት ያለው ሰው ችቦውን አብርቶ ሊያድር ሲል እሱ ሮም ላይ ችቦ በችቦ ሆኖ ይሮጣል። ባለቤቴ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይቀየራል።

ከቅስቱ ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ሄድን። ሩቅ አይደለም። ፖርታ ካፔና የሚባለው አደባባይ ላይ ባለቤቴ ቆመ። «ይኸው» አለ።

ምንም የለም። ሳር፣ አስፋልት፣ መኪና። ማዶ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ አለ። ሲጀመር ግን የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር እንዲሆን ነበር የታሰበው። ከዳር ሁለት አጫጭር የጥንት ዓምዶች ቆመዋል፤ በኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ለሞቱት መታሰቢያ ነው። የአክሱም ሐውልት እዚህ ነበር የቆመው። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት። በ1929 ዓ.ም. ተቆራርጦ በመርከብ መጣ። ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያን በሰላም ውሉ ላይ በ18 ወር ውስጥ የዘረፈችውን ልትመልስ ፈረመች። የፈረመችው በ1939 ዓ.ም. ነው። ሐውልቱ አክሱም የገባው ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። መንገድ የለም፣ ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ ስንት ሰበብ ተደረደረ። በመጨረሻ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ገባ። በ2000 ዓ.ም. በቦታው ተተከለ።

ልጄ ባዶውን ቦታ አየ። «ይሄንን መለሱ?» አለ። «ይሄንን መለሱ» አለው አባቱ። እማዬ ዜናውን ጎንደር ሆና በቴሌቪዥን አይታዋለች። ሳሩ ዳር ቆማ ወደ ላይ፣ ሐውልቱ ቢኖር አናቱ ወደሚደርስበት አየች። ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። ጥምቀት ላይ የምታሰማውን እልልታ ነው፤ የአዳራሽ እልልታ አይደለም። ስኩተር ላይ ያለ ሰውዬ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ትናንትና ዛሬ ስታፍር የዋለችው ልጄ አጠገቧ ሄዳ ቆመች። ሮም ውስጥ ረጅም ሰዓት የቆየነው እዚያ ነው። ፕሮግራሙ ላይ አስር ደቂቃ ነበር የተመደበለት።

ማታ ባቡር ከመሳፈራችን በፊት ተርሚኒ አጠገብ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ገብተን የጾም በያይነቱ በላን። አስተናጋጇ የአስመራ ልጅ ናት። እማዬን «እናቴ» ብላ ትከሻዋን ሳመቻት። እናቷን ካየች ብዙ ዓመት እንደሆናት፣ ወረቀቷ ገና እንዳላለቀ ነገረችን። ስንወጣ ለመንገድ ብላ እንጀራ ጠቅልላ ሰጠችን። ገንዘብ አልቀበልም አለች።

ይህን የምጽፍላችሁ «ታገሡ፣ አንድ ቀን ይሆናል» ልላችሁ አይደለም። 58 ዓመት መጠበቅ ለድንጋይ እንጂ ለሰው አይሆንም። ወረቀት የምትጠብቁ፣ ልጆቻችሁን ለማስመጣት ኤምባሲ ደጅ የምትመላለሱ፣ በዓረብ አገር ሰው ቤት ሆናችሁ የበዓሉን ቀን በስልክ ብቻ የምታዩ፣ ቶሎ ይሁንላችሁ። ሰላም አጥታችሁ ከቀያችሁ የራቃችሁም ለቀጣዩ ገና ቤታችሁ ግቡ። ነገ ሥራ ያላችሁ አለቆቻችሁ ይዘኑላችሁ። እኛ ሙኒክ ባለችበት በባቫሪያ ያለን ዋዜማው በዓል ስለሆነ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን እናድራለን። ጠዋት ግን እንቅልፋችንን ይዘን ቢሮ ነው።

አሁን እማዬ ከማድ ቤት እየጠራችኝ ነው። ሽንኩርቱ ደርሷል፤ ዶሮው ግን አስራ ሁለት ብልት አልሆነም። የሱፐርማርኬት ዶሮ ስለሆነ የጎደለውን ልታሳየኝ ነው። መልካም ገና!