በሃሪድዋር፣ መብራቱ ሲዞር

ዴልሂ የሄድኩት ወንድሜን ለማስታመም ነበር። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልፎ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ዕረፍት ብቻ ነው» ሲሉ ራሱ ወንድሜ «እስቲ ወጣ በይ፣ ፊትሽ ጠቁሯል» አለኝ። የአክስታችን ልጅ አጠገቡ ስለነበረ ልቤ አላመነታም። ሂንዱዎች ለጋንጀስ ወንዝ መብራት የሚያቀርቡበትን፣ አርቲ የሚባለውን ሥርዓት ለማየት በማግስቱ ጠዋት ወደ ሃሪድዋር የሚሄደውን ባቡር ያዝኩ።

ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። የሸንኮራ አገዳ ማሳ፣ ሻይ የሚሸጡ ልጆች፣ እንቅልፍ። ሃሪድዋር የጋንጀስ ወንዝ ከሂማላያ ተራሮች ወርዶ ሜዳውን የሚይዝበት ከተማ ነው። ውሃው እዚያ ገና ቀዝቃዛና ፈጣን ነው። ሃር ኪ ፓውሪ በሚባለው ደረጃ ላይ የሚታጠቡ ሰዎች ጎርፉ እንዳይወስዳቸው የብረት ሰንሰለት ይይዛሉ።

ደረጃው ጋ ገና ሳልደርስ አንድ ሰውዬ ተጠጋኝ። ካህን ነኝ አለ። አበባና ትንሽ ኩራዝ ያለባትን የቅጠል ጀልባ እጄ ላይ አስቀመጠና «ለማን ነው የምትጸልይው?» ብሎ ጠየቀኝ። የወንድሜን ስም ነገርኩት። ውሃ ረጨ፣ ስሙን እየደጋገመ ጸለየ፣ ከዚያ 2,100 ሩፒ አለኝ። ያቺ ጀልባ አጠገቡ በ20 ሩፒ ትሸጣለች! ያበገነኝ ግን ብሩ አይደለም። የታመመ ሰው ስም አስጠርቶ፣ በዚያ ስም ላይ ዋጋ መለጠፍ ነውር ነው። 101 ሩፒ ሰጥቼው ሄድኩ። ከኋላዬ እያጉረመረመ ቀረ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ደረጃው ሞልቶ ነበር። መቀመጫ ሳጣ አንዲት አሮጊት ነጠላ የመሰለ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ከምዕራብ ሕንድ፣ ከራጃስታን ነው የመጡት። የልጅ ልጃቸው እንግሊዝኛ ስለምትችል በእሷ በኩል አወራን። ለምን ብቻዬን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ስለ ወንድሜ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ከፌስታላቸው ድንች በፑሪ፣ በዘይት በተጠበሰ ቂጣ፣ አውጥተው አጎረሱኝ። ሃር ኪ ፓውሪ አካባቢ ሥጋና እንቁላል አይሸጥም። የእኛ ጾመኛ ግን ይጠንቀቅ፤ ወተትና ቅቤ በየምግቡ አለ።

ከዚያ ደወሉ ተጀመረ። ቀንድ አውጣ መሰል የባሕር ዛጎል ተነፋ። ካህናቱ ብዙ ክር የሚነድባቸውን የነሐስ መብራቶች አነሱ። እጀታው ስለሚግል በእርጥብ ጨርቅ ይይዙታል። መብራቱን በክብ ያዞሩታል፣ ሁልጊዜ በሰዓት አቅጣጫ። የቅቤና የካምፎር ሽታ አየሩን ሞላው። በድምፅ ማጉያው «ኦም ጃይ ጋንጌ ማታ» የሚለው የወንዙ መዝሙር ሲነሳ፣ ደረጃው ላይ ያለው ሕዝብ በሙሉ አብሮ ዘመረ። ሕፃኑም፣ ጫማ ጠባቂውም፣ አሮጊቷም።

እኔ ያደግኩት ማኅሌት ውስጥ ነው። እዚያ ሊቃውንቱ በግዕዝ ያዜማሉ፣ እኛ ቆመን እንሰማለን፤ ያንን ሥርዓት በምንም አልለውጠውም። ግን ይህን ያህል ሕዝብ አንድም መጽሐፍ ሳይገልጥ ሲዘምር ማየት ልብ ይነካል። በኋላ ሳነብ ምክንያቱ ገባኝ። በመላው ሰሜን ሕንድ በየቤቱ የሚዘመረውን «ኦም ጃይ ጃግዲሽ ሀሬ»ን እ.ኤ.አ. በ1870 አካባቢ የደረሰው ሻርዳ ራም ፊላውሪ የሚባል የፑንጃብ ሰው ነው። በጥንቱ የሃይማኖት ቋንቋ በሳንስክሪት ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው ቀላል ሂንዲ ነው የጻፈው። አዝማቹ ይደጋገማል፣ ዜማው ለማንም አፍ ይመቻል። የወንዙም መዝሙር የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ቀጥሎ የመጣውን ነው። መብራቱ ለወንዙ ከቀረበ በኋላ ወደ ሰው ይመለሳል። በሳህን ይዘውት በሕዝቡ መሃል ያልፋሉ። ሰው መዳፉን ነበልባሉ ላይ ያሞቅና ፊቱንና ራሱን ይዳብሳል። የተሰጠው ስጦታ በረከት ሆኖ ለሰጪው ይመለሳል ማለት ነው። እኔ እጄን አልዘረጋሁም፤ እምነቴ ሌላ ነው። አሮጊቷ ግን መዳፋቸውን ካሞቁ በኋላ ዞር ብለው በሁለት እጃቸው ራሴን ያዙ። የሚሉትን አልሰማሁም። ልጅቷ «ለወንድምሽ ነው» አለችኝ። አለቀስኩ። ምንም ገንዘብ አልጠየቁም፤ የወንድሜንም ስም አልጠየቁም።

ሌሊቱ አስቀያሚ ነበር። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ለያዝኩት ክፍል 1,200 ሩፒ ከፍዬ መስኮቱ አይዘጋም፣ ትንኙ አያስተኛም፣ የመኪናው ጡሩምባ አያባራም። ንጋት ላይም መብራት ስለሚቀርብ ከመገላበጥ ብዬ ወረድኩ። ጠዋት ሰው ትንሽ ነው፣ መዝሙሩም ጥርት ብሎ ይሰማል። የሚሄድ ሰው ካለ፣ ሁለቱንም ይይ።

ለወንድሜ በስልኬ የቀዳሁትን አሰማሁት። ሁለቴ አስደገመኝ። ሐኪሙ መንገድ ሲፈቅድለት እንደሚሄድ ወስኗል፣ የባቡሩንም ሰዓት ጠይቆኛል። እኔ ደግሞ ማረፊያውን ከጣቢያው ራቅ አድርጌ እየፈለግኩ ነው።