ጳጉሜን የት ገባች?

ዛሬ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊና የሒሳብ መምህራን በኮምፒውተር ክፍል አብረው ሲያስተምሩ ተመለከትኩ። ተማሪዎቹ የአዲስ አበባን የየዕለት ዝናብ መጠን በኤክሴል በየወሩ እየደመሩ ሳለ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ጳጉሜን የት ገባች?» ስትል ጠየቀች። ሠንጠረዡ በፈረንጆች 12 ወራት የተከፋፈለ ነበርና መምህሩ መልሱን ከመንገር ይልቅ በእኛ አቆጣጠር እንድታደራጀው ጋበዟት። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ላይ እንደሚውል ተነጋግረው ቀኖቹን ሲያዛውሩ፣ የጳጉሜን 5 ቀናት ዝናብ ከባለ 30 ቀናት ወር ጋር እንዴት ይነጻጸራል የሚል ክርክር ተነሣ፤ የቀን አማካይ ለምን እንደሚያስፈልግ ክፍሉ በሙሉ የተረዳው ያን ጊዜ ነው።

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት የሚሠራጭ በመሆኑ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ ቆሞ አይጠብቅም ነበር። አሁን ግን ቆም ብሎ መጠየቅ የሚያስችል መሣሪያ በእጃችን እያለ፣ የማውቃቸው ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ክፍላቸውን የሚከፍቱት ለአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ብቻ መሆኑ በእጅጉ ያሳስበኛል። የዛሬው ትምህርት እንኳ የተቻለው የሒሳቡ መምህር የራሳቸውን የዕረፍት ክፍለ ጊዜ በመስጠታቸው ነው፤ ርዕሳነ መምህራን ለእንዲህ ዓይነት ጥምር ትምህርት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢመድቡ ለመጀመሪያ ይበቃል።