አገር ስጠኝ

በልጅነታችሁ እንቆቅልሽ የተጫወታችሁ ሁሉ ቅጣቱን ታስታውሳላችሁ። መልሱ ከጠፋህ «አገር ስጠኝ» ትባላለህ። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ትላለህ። ያሸነፈህ ልጅ ወዲያው ጎንደር ይገባና ጮማ ሲቆረጥለት፣ ጠጅ ሲቀዳለት፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲቀበለው ይተርክልሃል። አንተን ደግሞ አመድ ላይ ያስተኛሃል፤ ወይም በር ላይ ከውሻው ጋር ያስርሃል። መልሱን የሚነግርህ ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ልጆች ሆነን የምንጓጓው ለመልሱ ሳይሆን ለስድቡ ነበር።

እኔ ይህን ጨዋታ በአርባ ሁለት ዓመቴ እንደ አዲስ ጀመርኩት።

ዋሽንግተን መሃል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገብቼ ጠዋት አንድ ሰዓት እወጣለሁ። ሰዓቱን በእኛ ነው የምቆጥረው፤ አሥራ አራት ዓመት አሜሪካ ኖሬም አልተውኩትም። የምቀመጠው ሱቅ በደረቴ በምታክል የመስታወት ቤት ውስጥ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሰዓት ሦስት መኪና ቢወጣ ነው። የቀረው ጊዜ የእኔና የስልኬ ነው።

ቴሌግራም ላይ ስድስት ነን። የቡድኑ ስም «ምን አውቅልሽ» ነው። ሪያድ ሹፌር አለን። ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ አለች። እስራኤል ናታንያ ሊፍት የሚጠግን አለ። ሜልቦርን ነርስ አለች፤ እሷ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ናት። ጀርመን ኮሎኝ ደግሞ ጋሼ አሉ፤ ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጨርሰው ልጆቻቸው ጋ የመጡ። መጀመሪያ የሰላምታ ቡድን ነበር። ሰላምታው ሲያልቅ እንቆቅልሹ ቀረ።

የጀመርነው በድሮዎቹ ነው። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ የሚያድር፦ ወንዝ። ትንሽ ሆና ቤት የምትሞላ፦ ኩራዝ። ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አለቀብን። አዲሱን መንገድ የከፈተው ሹፌሩ ነው።

«እንቆቅልሽ?»

«ምን አውቅልህ።»

«ሣር በል ነው፣ ሰው አሳዶ አይናከስም፣ ሌሊት ግን መኪና ይገድላል።»

ጎሽ አልን። ጉማሬ አልን። ጋሼ አህያ አሉ። አገር ተቀብሎ፣ ሁላችንንም ሰድቦ ሲጨርስ ነገረን፦ ግመል ነው። ድምፁ ላይ ሳቅ አልነበረም። በረሃውን አቋርጦ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ሌሊት ሲነዳ ከፖሊስ ይልቅ የሚፈራው ግመልን ነው። እግሩ ረጅም ነው። መኪናው እግሩን ሲመታው ያ ሁሉ ገላ በሞተሩ ላይ ተንከባሎ መስታወቱን ጥሶ ሹፌሩ ላይ ይወድቃል። ጥቁር ከሆነ ደግሞ አጠገቡ እስክትደርስ አታየውም። አንድ ጊዜ ራሱ በአንድ ክንድ ልዩነት አምልጦ ዳር አቁሞ እንዳለቀሰ ነገረን። ከዚያ በኋላ ስለ ግመል የሚቀልድ ጠፋ።

ሕግ ወጣ። እንቆቅልሹ ወይ ስለ ማሽን ወይ ስለ አደገኛ እንስሳ ይሁን። የምትጠይቀውን ነገር በእጅህ ነክተኸው ወይም በዓይንህ አይተኸው መሆን አለበት። ጉግል ማድረግ ክልክል ነው፤ መልስ በድምፅ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ።

የናታንያው ልጅ በዚህ ሕግ በላን። «ስድስት ቀን ታዛዥ ነው፤ በሰባተኛው ቀን ብትነካው አይሰማህም፣ በየደጃፉ እየቆመ በገዛ ፈቃዱ ይሄዳል።» ማንም አላወቀውም። ለካ የሰንበት ሊፍት ነው! ሃይማኖተኛ አይሁድ በሰንበት ኤሌክትሪክ አያበሩም አያጠፉም፤ ቁልፍ መጫንም ክልክል ነው። ስለዚህ ዓርብ ማታ ሊፍቱ በየፎቁ እንዲቆም ተደርጎ ይሞላል፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ማንም ሳይነካው ሲወጣ ሲወርድ ይቆያል። በዚያው ስለ ሥራው አጫወተን። ሊፍት ሰው የሚፈራው ገመዱ ይበጠሳል ብሎ ነው። ኦቲስ የሚባለው አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1854 ኒውዮርክ ሕዝብ ፊት ከፍ ብሎ ቆሞ ገመዱን አስቆረጠ። ሊፍቱ ትንሽ ወረድ ብሎ ቀጥ አለ፤ የደህንነት ፍሬኑ ያዘው። «እኔ የምጠግነው የዚያን ሰው የልጅ ልጅ ነው» አለን፤ ፍሬኑን ማለቱ ነው።

የሜልቦርኗ ነርስ ግን ጭቅጭቅ አመጣች። «አጥንት የለው፣ አንጎል የለው፣ ዓይኑ 24።» ጄሊፊሽ ነው፤ ያ ሳጥን የሚመስለው። በሰሜን አውስትራሊያ ባሕር ይገኛል። መርዙ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። በዚያ ባሕር ዳር የኮምጣጤ ጠርሙስ ቆሞ ይታያል፤ የተነደፈ ሰው ላይ የሚፈስ ነው። ሹፌሩ ተቃወመ። «አይተሽዋል?» አላት። «አላየሁትም» አለች። «ሜልቦርን ደቡብ ነው፤ ውሃው ብርድ ነው።» «ታዲያ ሕጉ?» «ኮምጣጤውን አይቻለሁ!» ይህ ክርክር ሦስት ቀን ፈጀ። ጋሼ ናቸው የዳኙት፤ ኮምጣጤውን ማየት እንደ ማየት ይቆጠራል አሉ። እኔ እስከ ዛሬ አልተስማማሁም።

የእኔ ማሽን እስካሌተር ነበር። «ደረጃ ነው፣ አንተ ቆመህ እሱ ይወጣል፤ ጥርስ አለው፣ የሚበላው ግን የጫማ ክር ነው።» ቀላል ነው፤ የቤይሩቷ ወዲያው መለሰችው። እኔ ግን ያቀረብኩት ለወሬው ነው። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ፌርማታ አልፎ ዊተን የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ፤ አበሻው ሁሉ ያውቀዋል። እስካሌተሩ 70 ሜትር ነው፤ ሳይቆራረጥ አንድ ወጥ የሆነ፣ ከዚያ የሚረዝም በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ የለም። ቆመህ ብትወጣ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። የመጣሁ ሰሞን ታች ቆሜ ጫፉን ፈልጌ አጣሁት። ተሰናክሎ የቆመ ቀን ደግሞ ሁለት ፌስታል ጤፍ ይዤ በእግሬ ወጥቼዋለሁ። ያን ቀን ጤፉን ወደላከችልኝ አክስቴ ደውዬ ምን እንዳልኳት እዚህ አልጽፍም።

እንስሳዬ አዞ ነበር። «ሲዘጋ የወህኒ በር፣ ሲከፍት የሕፃን ጉልበት።» አዞ አፉን የሚዘጋበት ጡንቻ የሚያስፈራ ነው። የሚከፍትበት ግን በጣም ደካማ ነው። ልጅ ሆኜ የአዞ እርባታው ሠራተኛ መለስተኛ አዞ አፉን በአንድ እጁ ጨብጦ ይዞት፣ በሌላኛው ሲጋራውን ሲያጨስ አይቻለሁ። ወንድ ይሁን ሴት የሚወሰነውም እንቁላሉ በተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው። ጫሞ ሐይቅ ዳር አዞዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ የሚጋደሙበትን ቦታ «አዞ ገበያ» ነው የምንለው። ጀልባ ላይ ሆኖ ያየው ሰው ስሙ ለምን እንደወጣ ይገባዋል። በረድፍ በረድፍ ተኝተው የሆነ ነገር የሚሸጡ ይመስላሉ።

አንዷ እንቆቅልሽ ግን ጨዋታውን አቀዘቀዘችው። «ከአንበሳ፣ ከአዞ፣ ከእባብ ሁሉ በላይ ሰው የምትገድል፣ ነፍሷ ግን በአንድ ጥፊ የምትወጣ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሹፌሩ አምስት ሰከንድ አልፈጀበትም። «የወባ ትንኝ። ሴቷ። ወንዱ ደም አይጠጣም።» በ2023 ብቻ ወባ ወደ 600,000 ሰው ገድላለች፤ አብዛኞቹ አፍሪካ ውስጥ ያሉ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው። ይህን ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ቀደመኝ። ከመሰደዱ በፊት ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ነበር። ከአገሩ ልጆች ጋር ሰባት ሆነው ወረዱ። በጥቅምት ፀሐይ ብርድ ብርድ እያለው፣ ሦስት ጋቢ ተደርቦለት ሲንቀጠቀጥ እንደነበረ ነገረን። «ስንት ሆናችሁ ተመለሳችሁ?» አለችው የቤይሩቷ። «ስድስት» አለ። ያን ሌሊት አገር የጠየቀ የለም።

ጋሼን ማሸነፍ ከባድ ነው፤ ካሸነፍካቸው ደግሞ ይብሳል። «ባቡር ነው፣ ሐዲድ የለውም» ብለው አንድ ቀን ሁላችንንም ጣሉን። የሰርኪስ ባቡር ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በምኒልክ ጊዜ አዲስ አበባ ያስገባው፣ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ። የምድር ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበር፤ በፈረንጆቹ 1902 ድሬዳዋ ደርሶ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ጋሼ በዚህ ርዕስ ከጀመሩ የድምፅ መልእክታቸው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። በፍጥነት ሁለት ላይ አድርጌ እሰማቸዋለሁ፤ እባካችሁ እንዳትነግሯቸው።

ሹፌሩ አንድ ጊዜ አሸነፋቸው። ድሬዳዋን ሰጡት። «ድሬዳዋ ገብቼ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎልኝ፣ እርስዎን ግን…» ብሎ ቆመ። ዝም። ስድብ ከየት ይምጣ? «…እርስዎን ግን ከጎኔ ወንበር አስመጥቼ» አለ። ሳቅ በሳቅ ሆንን። ጋሼ ተቆጡ። «ይሄ ማሸነፍ ነው? በሥርዓቱ ስደበኝ እንጂ!»

አሁን ወደ አገሩ ልምጣ። መጀመሪያ ላይ አገር መስጠት ቀላል ነበር። ሁሉም የሰለቸውን ነው የሚሰጠው። ሹፌሩ ሪያድን ከነሙቀቷ አሥር ጊዜ ሰጥቷል። እኔ ዋሽንግተንን፣ ሲልቨር ስፕሪንግን፣ በመጨረሻም ይቺን የመስታወት ቤት ከነወንበሯ ሰጥቻለሁ። ያስቆመችን የቤይሩቷ ናት። «እኔ ሪያድንና ቤይሩትን ተቀብዬ ማን ነው ጮማ የሚቆርጥልኝ?» አለች። «እኔው ነኝ የምቆርጠው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሰጠው የአገር ቤት ከተማ ብቻ ሆነ።

ጋሼ ሁሌም ድሬዳዋን ነው የሚሰጡት። አንድ ጊዜ «አይሳሱላትም?» አልኳቸው። «ሰጥቼ ሰጥቼ መቼ አለቀች?» አሉኝ። እኔ ግን የአውቶቡስ መስኮት ላይ ያየኋቸውን ነበር የምሰጠው። ሻሸመኔን ሰጠሁ። ዲላን ሰጠሁ። ሶዶን ሁለት ጊዜ። ሐዋሳ ሁለት ቀን አድሬ አውቃለሁ፤ እሷንም ሰጠሁ። ማንም ያስተዋለ አልመሰለኝም።

ባለፈው ሳምንት ነው። እኔ ጋ ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ቤይሩት ጠዋት ሁለት ሰዓት። ልጆቹን ትምህርት ቤት ሸኝታ፣ እመቤቲቱም ወጥታ፣ ወጥ ቤት ብቻዋን ነበረች።

«እንቆቅልሽ?»

«ምን አውቅልሽ።»

«ሆዱ ብርድ፣ ጀርባው እሳት። ከሆዱ ያወጣውን በጀርባው ያፈሳል። ቆሞ ያድራል፣ ቆሞ ያንኮራፋል።»

ኤሲ አልኩ። አይደለም። የውሃ ፓምፕ አልኩ። ደቂቃዬ አለቀ።

ከመልሱ በላይ ያናደደኝ ራሴ ነኝ። ባለፈው ሐምሌ የዚህች ክፍል ኤሲ ተበላሽቶ፣ ምሳዬን የማስቀምጥባትን ትንሽ ፍሪጅ በሯን ከፍቼ ፊቷ ተቀምጬ ነበር፤ ትቀዘቅዝልኛለች ብዬ። ክፍሉ ባሰበት። ፍሪጅ ብርድ አይፈጥርም፤ ከውስጥ ሙቀት እያወጣ በጀርባው በኩል ይጥላል። በሩ ከተከፈተ ያንኑ ክፍል ነው የሚያሞቀው። ይህን በላቤ ተምሬዋለሁ። እሷ ደግሞ በየሳምንቱ ጎትታ ጀርባውን ስለምትጠርግ በእጇ ታውቀዋለች።

«አገር ስጠኝ» አለችኝ።

«ሶዶን ሰጠሁሽ።»

የሜልቦርኗ ገባች። ከሰዓት በኋላ ነው እዚያ፤ እረፍት ላይ ነበረች። «ለሦስተኛ ጊዜ ሶዶ? ውሸታም! ስለ አዞ ገበያ ስታደርቀን የከረምከው የማን አገር ነው?»

ሹፌሩ ሳቀ። ጋሼ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ላኩ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አነሳሁት።

«አርባ ምንጭን ሰጠሁሽ» አልኩ።

የቤይሩቷ ድምፅዋን ጠርጋ ጀመረች። «አርባ ምንጭ ገብቼ፣ ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ተቀብሎኝ፣ ጮማ ሲቆርጥልኝ…»

«ጮማ አይደለም» አልኳት። «ዓሣ ነው።»

«ምን ዓይነት?»

ነገርኳት። ከነራሱ ተጠብሶ፣ ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ ይመጣል። ከጎኑ ዳጣ አለ፤ ያቃጥላል፣ በእጅ ነው የሚበላው። ስትበይ ሴቻ ሰፈር ላይ ወደ ሐይቆቹ ዞረሽ ተቀመጪ አልኳት። ቀይ ቡና የሚመስለው አባያ ነው፣ ሰማያዊው ጫሞ ነው፣ መሃላቸው ያለው ኮረብታ የእግዜር ድልድይ ይባላል። ማንጎው ከየት እንደሚገዛ ነገርኳት። ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያ ስትወርጂ ባጃጅ ዋጋ እንዳይጨምርብሽ አልኳት። እሷ «እሺ» «እሺ» ትላለች። ከኋላዋ የምግብ ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማል።

ጡሩምባ ተነፋ። አንድ ሰውዬ ካርዱን በመስኮቱ አውጥቶ እያውለበለበ ነው፤ ስንት ደቂቃ እንደቆመ እንጃ። ይቅርታ ጠይቄ የበሩን ብረት አነሳሁለት። ሲወጣ የሆነ ነገር አጉረመረመ።

ስመለስ የአራት ሰከንድ የድምፅ መልእክት ጠበቀኝ።

«አንተን ግን አዞ ገበያ ጥበቃ ቀጥሬሃለሁ» ትላለች። «በሌሊት ፈረቃ።»