ከግድብ ውሃ ሥር የቀሩ መንደሮችን በካርታ መፈለግ፦ አዳማ ላይ እስካሁን የደረስንበት

በዚህ ዙር ሁለት ሐይቆችን ጎን ለጎን ይዘናል፦ እዚሁ ደጃችን ያለውን ቆቃንና ኢጣሊያ ውስጥ አልፕስ ተራራ ላይ ያለውን ሬዢያን (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሬዢያ በ1950 ሲሞላ ግራውን የሚባለው መንደር ሰጠመ። ቤቶቹ አስቀድመው ስለፈረሱ ከውሃው በላይ የቀረው የ14ኛው መቶ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ደወል ግንብ ብቻ ነው። ለካርታ ሠሪ ይህ ሲሳይ ነው፤ የድሮው ካርታ በቦታው መቀመጡን በእሱ መፈተን ይቻላል። ቆቃ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም።

የድሮ ካርታ ኪውጂአይኤስ (በነፃ የሚገኝ የካርታ ፕሮግራም) ላይ ሲጫን፣ ከእውነተኛ ቦታው ጋር ለማያያዝ አራቱ ማዕዘን አይበቃም። ወረቀቱ ታጥፎና እርጥበት ጠጥቶ መሃሉ ስለሚዛባ፣ ከውስጥ የካርታው የቁመትና የአግድም መስመሮች ከሚጋጠሙበት ስድስት ጨምራችሁ አሥር ነጥብ አድርሱ። በ1፡50,000 ካርታ ግማሽ ሚሊሜትር መሬት ላይ 25 ሜትር ነው፤ ከዚያ የጠበበ ትክክለኛነት አትጠብቁ። የብዙዎቹ የአገራችን የድሮ ካርታዎች ዳተም (ቦታ የሚለካበት መነሻ) አዲንዳን ነው፤ ለእነዚህ ፕሮግራሙ ላይ የሚመረጠው የEPSG መለያ ቁጥር 20137 ነው። በስህተት 32637 (የጂፒኤሱ ዳተም፣ WGS 84) ከተመረጠ ካርታው ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል፤ አንድ መንደር ሙሉ ያስለቅቃል። ተንኮሉ ሁለቱም የዩቲኤም (ዓለምን በዞን ከፍሎ በሜትር የሚለካ ሥርዓት) ዞን 37 መሆናቸው ነው፤ በዓይን ሲታይ ሁሉም ደህና ይመስላል።

የውሃውን ጠርዝ የምናወጣው ከሴንቲኔል ሁለት ሳተላይት ምስል ነው። ባንድ ማለት ሳተላይቱ ለየብቻ የሚመዘግበው የብርሃን ዓይነት ነው፦ ከባንድ 3 (አረንጓዴ) ባንድ 8ን (ለዓይን የማይታይ ቅርብ ኢንፍራሬድ) ቀንሶ ለድምራቸው ማካፈል፤ ከዜሮ በላይ የወጣው ውሃ ነው ይባላል። ቆቃ ላይ ይህ ሕግ በእንቦጭ ይፈርሳል። እንቦጭ ባንድ 8 ላይ እንደ ማሳ ስለሚያበራ ሐይቁ የሸሸ ያስመስላል። መለያው ይኸውና፦ ውሃ ሲጎድል ዙሪያውን ይሸሻል፤ እንቦጭ ግን ነፋስ በነዳው በኩል ይከመራል፣ በሚቀጥለው ምስል ደግሞ ሌላ ዳር ይገኛል። ደለል ያደፈረሰው ውሃም ያሳስታል፤ ያኔ በባንድ 8 ፋንታ ባንድ 11 (አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ) ይሻላል፣ ፒክስሉ (የምስሉ ትንሿ ካሬ) ከ10 ወደ 20 ሜትር ቢሰፋም። ሬዢያ ላይ ግን በበረዶ ወራት ባንድ 11ን እንዳትነኩ። ስሌቱ በረዶ ለመለየት ከሚሠራበት ጋር አንድ ስለሆነ ተራራው ሁሉ ሐይቅ ሆኖ ይወጣል። የተራራ ጥላም እንደዚያው ውሃ ይመስላል።

በ10 ሜትር ፒክስል ቤት አይታይም፤ ቤት መፈለግ ዓይን ማድከም ነው። የሚፈለገው መንገድ ነው፦ ከውሃው ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ማዶ በዚያው አቅጣጫ የሚቀጥል። ሁለቱን ጫፎች አገናኙ፣ ከድሮው ካርታ ጋር አስተያዩ።

የቆቃ ግድብ ያለቀው በ1960፣ የመጀመሪያው የላንድሳት ሳተላይት የመጠቀው በ1972 ነው፤ ስለዚህ ሐይቁ ሳይኖር የተነሳ የላንድሳት ምስል አይገኝም፣ ከ1960 በፊት የተሳለ ካርታ ግድ ነው። አዋሽና ሞጆ ያመጡት ደለልም ወለሉን ስለሸፈነው፣ እዚህ የምንፈልገው ግድግዳ ሳይሆን አዋሽ ድሮ የሚሄድበትን መስመር ነው። ውሃው ዝቅ የሚለው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ሰኔ ግን ደመናው ይብሳል። የግንቦትን መጨረሻ ምስሎች ቀድማችሁ አውርዱ።