ሰንበት እዚያ ላይ መቼ ትገባለች?

ዛሬ ለሥራ ስሄድ በሰሜን እስራኤል ባለችው ናሃላል በኩል አለፍኩ። ጠፈርተኛው ኢላን ራሞን የተቀበረው እዚያ ነው። ከሞተ 20 ዓመት አልፎታል፤ እኔ ግን በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር የሚታየኝ መቃብሩ ሳይሆን የጎረቤቶቻችን ቴሌቪዥን ነው።

9 ዓመቴ ነበር፣ አፉላ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የትምህርት ቤቱ ወሬ እሱ፣ የመጀመሪያው እስራኤላዊ ጠፈርተኛ፣ ብቻ ሆኖ ሰንብቷል። ለአያቴ፣ ለእማማ፣ «እዚያ ላይ ፀሐይ በቀን 16 ጊዜ ትወጣለች» ብዬ ብነግራት ቡናዋን አስቀምጣ፣ «ታዲያ ሰንበት መቼ ትገባለች?» አለችኝ። እኛ አይሁዶች ሰንበትን የምንቀበለው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነዋ። ሳቅሁባት። ለካ ረቢዎቹም ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቀው ኖሯል።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ቅዳሜ ዋለ። እኛ ቤት በሰንበት ቴሌቪዥን አይነካም። እማማ ከፔርሙስ ቡና ስትቀዳ ሹልክ ብዬ ፊት ለፊት ወዳሉት ሩሲያውያን ቤት ገባሁ። እነ ራሞን የተሳፈሩባት መንኮራኩር ኮሎምቢያ ፍሎሪዳ የምታርፈው በእማማ አቆጣጠር 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር። ሰዓቱ አለፈ። ማረፊያው ባዶ ነው፤ ጋዜጠኛው አንዱን ነገር ደጋግሞ ያወራል። ቆይቶ ከቴክሳስ ምስል መጣ፦ ሰማያዊ ሰማይ ላይ አንድ ነጭ መስመር። መስመሩ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። እኔ አጨበጨብኩ። ብዙ መንኮራኩር የመጣ መስሎኝ! የጓደኛዬ እናት እጄን ያዘችኝ። አልተቆጣችም፣ ያዘችኝ ብቻ። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር።

ቤት ገብቼ «ሰባቱም ሞቱ» አልኩ። እማማ ከየት ሰማህ አላለችኝም። በሰንበት አይለቀስምና መስኮቱ ስር ተቀምጣ ውጪ ውጪውን ታይ ጀመር። ሰንበት መውጣቷን የሚያሳየውን ሦስት ኮከብ ስትቆጥር ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ከዚያ ለማታውቀው ሰው እንደ ወንድሟ አለቀሰች።

ነገሩን በኋላ አድጌ አነበብኩት። በተነሱ በ82ኛው ሰከንድ ከነዳጅ ታንኩ የተገነጠለ የፎም ቁራጭ የግራ ክንፏን በስቶታል። 16 ቀን ሙሉ ከነቀዳዳዋ ዞረች። መሐንዲሶች ክንፉ ከላይ በሳተላይት ፎቶ ይነሳልን ቢሉ አለቆቻቸው አልፈለጉም። ይኼ አሁንም ያናድደኛል።

ብረቱ ተቃጥሎ ወረቀት ተረፈ። ፓለስታይን በምትባል የቴክሳስ ከተማ አጠገብ የራሞን ማስታወሻ ገጾች ወድቀው ተገኙ፤ ከ60 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ የወረዱ፣ ዝናብ የመታቸው። እየሩሳሌም ጠግነው ለሕዝብ ሲያሳዩአቸው አንዱ ገጽ ላይ፣ እንዳይሳሳት ይሁን እንጃ፣ ቂዱሽን፣ ሰንበት ስትገባ የሚባለውን ጸሎት፣ በእጁ ገልብጦት ነበር።

ይህን ለእማማ ስነግራት ዓይኗ ደክሞ ነበር።

«መቼ እንደምትገባ ያውቅ ነበር በላ» አለችኝ።