ቀለሟ የሸወደኝ ዘላይ ሸረሪት

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት 6 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ሸረሪት ማን እንደሆነች ሳጣራ ከረምኩ። ያገኘኋት ደጅ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ነው። ግራጫና ጸጉራም ናት፤ በሆዷ ግራና ቀኝ ጠቆር ያለ መስመር አላት። ጸጉሯን አይቼ «የተኩላ ሸረሪት ልጅ» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። እርግጠኛ ከመሆኔ የተነሳ ከሥሩ ሁለቴ አስምሬበታለሁ።

ስሕተቴ ከቀለም መጀመሬ ነው። የሸረሪት ቀለም አይታመንም። ወንዱ ከሴቷ ይለያል፣ ልጁ ከአዋቂው ይለያል፣ ጸጉሯ ሲረግፍም ሌላ ትመስላለች። የሚያዋጣው የዐይኗ አደራደር ነው። ተኩላ ሸረሪት ከታች አራት ትንንሽ ዐይኖች በአንድ ረድፍ አሏት፣ ከላያቸው ሁለት ትልልቅ፣ ከነሱም በላይ ሁለት መካከለኛ። የኔዋን ከፊት ለፊት ፎቶ ሳነሳት ግን ጠፍጣፋ ፊቷ ላይ አራት ዐይን ተደርድሮ አፈጠጠብኝ። መሐል ያሉት ሁለቱ እንደ መኪና መብራት ጎልተዋል። ቀሪዎቹ አራቱ ወደ አናቷ ሸሸት ብለዋል። በቃ፣ ዘላይ ሸረሪት ናት።

በነገራችን ላይ እነዚያ ትልልቅ ዐይኖች አንዴ ቡናማ፣ አንዴ ድቅድቅ ጥቁር ይሆናሉ። መጀመሪያ የካሜራዬ ችግር መስሎኝ ነበር። ሌንሱ ጭንቅላቷ ላይ የተተከለ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፤ የሚዞረው ከኋላው ያለው ብርሃን ተቀባዩ ክፍል፣ ሬቲና ነው። ጥቁር ሆኖ የሚታየው ቀጥ ብላ ስታያችሁ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ፎቶ ሳነሳት ትንሽ አፍራለሁ።

ዘላይ መሆኗን ሳውቅ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ ገና ቤተሰቡን ነው ያገኘሁት። ሳልቲሲዴ የሚባለው ይህ ቤተሰብ ከ6,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ከሸረሪት ቤተሰቦች ሁሉ ትልቁ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ፎቶዎቼ ደግሞ ሁሉም ከላይ የተነሱ ስለነበሩ ብዙም አልጠቀሙኝም። አሁን ፊቷን፣ ጀርባዋንና ጎኗን ለየብቻ አነሳለሁ፣ አጠገቧም ማስመሪያ አስጠጋለሁ። ማስመሪያው ላይ ዘላ ትወጣለች፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ከመዝለሏ በፊት ክር ግድግዳው ላይ ታጣብቃለች፤ ብትስት በዚያው ተንጠልጥላ ትመለሳለች። ዝላዩን የሚያስፈነጥረው በዋናነት የሰውነቷ ፈሳሽ ነው፤ ግፊቱ የኋላ እግሮቿን ይዘረጋቸዋል።

የሰውነቷ ጠፍጣፋነት፣ የጎኖቿ መስመርና ግድግዳ መውደዷ ሲደመር ሜኔሜረስ ወደሚባለው ወገን አዘነበልኩ። በሞቃት አገሮች ሕንፃ ግድግዳ ላይ የሚዘወተር ነው። ከአፏ አጠገብ ያሉት እግር መሰል አጫጭር ፓልፖች ቀጫጭን ናቸው። የአዋቂ ወንድ ቢሆኑ ጫፋቸው የቦክስ ጓንት እንዳጠለቀ ያብጥ ነበር። ስለዚህ ወይ ሴት ናት፣ ወይ ገና አልጎለመሰችም።

ዝርያዋን ለመናገር አዋቂ መሆኗን አረጋግጦ የሆዷን ሥር የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። ለዚያ ብዬ አልገድላትም። ያሰመርኩበትን ሰርዤ «ሜኔሜረስ ሳትሆን አትቀርም፣ ሴት ወይም ልጅ» ብዬ ጻፍኩ። ነገ በብርጭቆ ሸፍኜ ሆዷን ከሥር ለማየት እሞክራለሁ። ዛሬ አልሆነም፤ ራሷን የምታክል ዝንብ ይዛ ስንጥቁ ውስጥ ገብታለች።